መዝገብ በተራራ ላይ

በአማርኛችን «መዝገብ» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም ይዞ ይኖራል። በግእዙ መዝገብ ማለት ሀብት የሚከማችበት ስፍራ፣ ግምጃ ቤት፣ አንዳንዴም ሀብቱ ራሱ ነው። ዛሬ በየቢሮው የምናውቀው መዝገብ ግን ስም፣ ቀንና ቁጥር የሚሰፍርበት ደብተር ነው። እኛ በባንክ የምንሠራ ሰዎች ሁለቱን ለያይተን ነው የምንኖረው፤ ገንዘቡ በካዝና ይቆለፋል፣ ስሙ በደብተር ይሰፍራል። እነዚህ ሁለት ትርጉሞች ዳግመኛ አንድ የሆኑበት ስፍራ ቢኖር፣ ነገሩ እንግዳ ቢመስልም፣ ተራራ ላይ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚያወሳው ጂኦካሺንግ ስለተባለው ጨዋታና ከእርሱ በፊት ስለነበሩት የዱር መሸሸጊያዎች ነው።

ጨዋታው ሲነገር ቀላል ነው። አንድ ሰው ውሃ የማያስገባ ዕቃ ይዞ ወደ ዱር ወይም ወደ ተራራ ይወጣል። በውስጡ ትንሽ ደብተር፣ እርሳስና ጥቂት ዋጋቸው ያነሰ ነገሮች ያኖራል። ዕቃውን በድንጋዮች መካከል ወይም በወደቀ ግንድ ሆድ ውስጥ ሸሽጎ የስፍራውን ኬክሮስና ኬንትሮስ በኢንተርኔት ያስታውቃል። ፊቱን አይቶት የማያውቅ ሌላ ሰው ቁጥሩን በእጅ በሚያዝ ጂ.ፒ.ኤስ. ላይ መዝግቦ ፍለጋ ይወጣል። ሲያገኘው ስሙንና ቀኑን ይጽፋል፤ አንዳች ነገር ከወሰደ የሚመጣጠነውን ይተካል፤ ዕቃውንም በነበረበት መልሶ ይሄዳል። ዘበኛ የለም፤ ቁልፍ የለም፤ ሒሳብ የሚያመሳክር ተቆጣጣሪም የለም።

የጨዋታው ስም ግማሹ ምድር ከሚለው የግሪክ ቃል፣ ግማሹ መሸሸግ ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው። ፈረንሳይኛውን ወደ ሰሜን አሜሪካ ዱርና ተራራ ያደረሱት የአውሬ ቆዳ አዳኞችና ነጋዴዎች ናቸው፤ ሸክም ሲከብዳቸው ስንቃቸውን ጉድጓድ ቆፍረው ይሸሽጉ ነበርና። ሜሪዌዘር ሉዊስና ዊልያም ክላርክም እ.ኤ.አ. በ1805 የሚዙሪን ወንዝ ሽቅብ ተከትለው ወደ ሮኪ ተራሮች ሲጓዙ ይህንኑ አድርገዋል። ሉዊስ በ1806 ተመልሶ በታላቁ ፏፏቴ አጠገብ የቀበሩትን ሲያስከፍት ውሃ ገብቶበት አገኘው። የድብ ቆዳዎቹ በስብሰዋል፤ በብዙ ድካም የሰበሰባቸው የዕፀዋት ናሙናዎችም ጠፍተዋል። የሚዙሪ ካርታ ግን ተርፎ ነበር። ዕቃው ጠፍቶ የተጻፈው ተረፈ፤ ይህን ነገር አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

የእነዚያ ሰዎች መሸሸጊያ ግን ሌላ ሰው እንዳያገኘው የተሸሸገ ነው። ነገሩ የተገለበጠው በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ ዳርትሙር በሚባለው ጭጋግና ረግረግ በሞላበት ከፍተኛ ምድር ላይ ነው። ጄምስ ፔሮት የተባለ የቻግፎርድ መንገድ መሪ እ.ኤ.አ. በ1854 ክራንሚር በተባለው ሩቅ ኩሬ አጠገብ አንድ ጠርሙስ አኖረ። በዚያን ጊዜ ወደዚያ መድረስ ብርቱ እግርና መንገድ አዋቂ ይጠይቅ ነበር። የደረሰ ሰው የስም ካርዱን በጠርሙሱ ውስጥ ይተዋል። ከዘመን በኋላ ጠርሙሱ በሣጥን፣ ካርዱም በእንግዶች መዝገብ ተተካ። አንዳንዱም አድራሻ የተጻፈበት ደብዳቤ ይተውና ቀጥሎ የመጣው መንገደኛ ወስዶ በፖስታ ይልክለት ነበር። በጠርሙሱ ውስጥ የሚዘረፍ ነገር አልነበረም። ስም ብቻ ነበር። የጂኦካሺንግ አያት ብንለው የተገባ ነው።

ጨዋታው ግን ከዳርትሙር ኩሬ ወደ ዓለም ሁሉ እንዲዳረስ ሰማይ መከፈት ነበረበት። ጂ.ፒ.ኤስ. የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ1973 የጀመረው የጦር ሥራ ነው። የመጀመሪያው ሳተላይት በ1978 መጠቀ፤ ሥርዓቱ የተሟላው በ1995 ነው። ሳተላይቶቹ ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ይዞራሉ። ለሲቪሉ ዓለም በር የተከፈተው በሐዘን ምክንያት ነበር። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1983 መንገዱን የሳተ የኮሪያ የመንገደኞች አውሮፕላን በሶቪየት ተዋጊ ጄት ተመትቶ 269 ሰዎች አለቁ። በዚያው ወር የፕሬዚዳንት ሬገን መንግሥት ሥርዓቱ ሲጠናቀቅ ለሁሉም በነጻ እንደሚሰጥ አስታወቀ። ይሁን እንጂ ጠላት እንዳይጠቀምበት በመስጋት ለሲቪሎች የሚላከው ምልክት ሆን ተብሎ እንዲዛባ ተደርጎ ነበርና የስሕተቱ መጠን እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር። በ100 ሜትር ስሕተት መርከብ ወደብ ታገኛለች፤ በጫካ ውስጥ የተሸሸገ ባልዲ ግን አይገኝም።

ፕሬዚዳንት ክሊንተን ይህን ማዛባት ያስቀሩት እ.ኤ.አ. ግንቦት 2 ቀን 2000፣ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 24 ቀን 1992 ዓ.ም. ነው። በአንድ ሌሊት፣ ማንም አዲስ መሣሪያ ሳይገዛ፣ በየሰዉ እጅ ያለው ጂ.ፒ.ኤስ. አሥር እጥፍ ያህል ጠራ። በማግስቱ ዴቭ አልመር የተባለ የኮምፒዩተር መሐንዲስ በኦሪገን ግዛት፣ ከካስኬድ ተራሮች በስተምዕራብ፣ ቢቨርክሪክ አጠገብ አንድ ጥቁር ባልዲ ከፊሉን በአፈር ቀብሮ አኖረ። በውስጡ መጻሕፍት፣ የቪዲዮ ክር፣ ገንዘብ፣ ወንጭፍና በቆርቆሮ የታሸገ ባቄላ ነበረበት፤ ደብተርና እርሳስም አልጎደለም። ቁጥሩን በኢንተርኔት አስታወቀ፦ 45 ዲግሪ ከ17.460 ደቂቃ ሰሜን፣ 122 ዲግሪ ከ24.800 ደቂቃ ምዕራብ። በሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ሰዎች አገኙት፤ ቀዳሚው ማይክ ቲግ ነበር። በመስከረም ወር ጄረሚ አይሪሽ ለጨዋታው ድረ ገጽ ሲከፍት በዓለም ላይ የሚታወቁት መሸሸጊያዎች 75 ብቻ ነበሩ። ዛሬ ቁጥራቸው ከሦስት ሚሊዮን አልፏል። በመጀመሪያው ስፍራ እ.ኤ.አ. በ2003 የመታሰቢያ ሰሌዳ ቆሟል።

አንባቢ ሆይ፣ ቁጥሩ በእጅ ካለ ምን ፍለጋ ያስፈልጋል ትል ይሆናል። ተራራው ግን ለቁጥር በቀላሉ አይገዛም። መሣሪያው የቆመበትን ለማወቅ ቢያንስ የአራት ሳተላይቶችን ድምፅ መስማት አለበት። በጥልቅ ሸለቆ ውስጥ ገደሉ ሰማዩን ይጋርዳል፤ ምልክቱም ከዐለት እየነጠረ ሲመጣ መሣሪያውን ያሳስታል። ብርድ ባትሪን ይገድላል። የመሣሪያው ቀስት ወፍ የሚበርበትን እንጂ ሰው የሚረግጠውን መንገድ አያውቅም፤ 300 ሜትር ቀረህ ሲል በመካከል ያለውን ገደል አይነግርህም። የቀድሞዎቹ መሣሪያዎችማ ያዣቸው ቆሞ ሳለ አቅጣጫ መለየት አይችሉም ነበር። ስለዚህ ተራራ ወጪው ካርታና ኮምፓስ ከኪሱ አይለይም።

ኮምፓስም ቢሆን የራሱ ጠባይ አለው። ቻይናዊው ሊቅ ሼን ኩዎ እ.ኤ.አ. በ1088 ገደማ መርፌው ጥቂት እንደሚያዘነብል ጽፎ ነበር። በኦሪገን ዛሬ መርፌው ከእውነተኛው ሰሜን 15 ዲግሪ ገደማ ወደ ምሥራቅ ያጋድላል። ይህን ያላረመ ሰው አንድ ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ከታሰበው ስፍራ 260 ሜትር ያህል ይርቃል። እንግዲህ አንዱ መሣሪያ የት እንዳለህ ይነግርሃል፤ ሌላው ወዴት እንደምትዞር ያሳይሃል። የመጨረሻዋ አሥር ሜትር ግን ለሁለቱም አትገኝም። እዚያ ሲደረስ ዓይን ብቻ ይቀራል፦ ያለ ቦታው የተቀመጠ ድንጋይ፣ ያለ ወራቱ የረገፈ ቅጠል፣ ሰው ነክቶት የሄደ ሙዝ። ተራራውን አተኩሮ ማየት የሚጀመረው ያኔ ነው።

በዚህም ላይ የጸና ወቀሳ አለ። አንድ ሰው የረገጠው ሣር ይነሣል፤ ሺህ ሰው የረገጠው መንገድ ይሆናል። የአልመር ባልዲ በአፈር ተቀብሮ ነበር፤ የዛሬው የጨዋታ ሕግ ግን መቅበርን ይከለክላል። የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮችም ያለ ፈቃድ ዕቃ እንዲቀመጥ አይፈቅዱም። ወቀሳው ፍሬ ሳያፈራ አልቀረም። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የአሜሪካ የሥነ ምድር ማኅበር ያስጀመረው ሌላ ዓይነት ፍለጋ አለ፤ በዚህኛው ምንም ዕቃ አይቀመጥም። ፈላጊው በቁጥሩ መሠረት ከዐለቱ ፊት ይደርስና ንብርብሩን አንብቦ ለጥያቄ መልስ ይሰጣል። እዚያ መዝገቡ ራሱ ተራራው ነው።

ስለ ሌላው፣ ስለ ባለ ዕቃው መሸሸጊያ፣ አንድ ነገር ልጨምር። አንድ ሰው ግማሽ ቀን ወጥቶ ሲያበቃ የሚያገኘው የተላጠ እርሳስና የእንግዶች ስም ዝርዝር ነው። ከመካከላቸው አንዱ ዕቃውን ይዞ ቢሄድ የሚከሰው የለም፤ የሚጠፋውም በገንዘብ ሲተመን ከምንም አይቆጠርም። የሚጠፋው ነገር ቀጥሎ የሚመጣው ሰው እምነት ነው። ብዙዎቹ መሸሸጊያዎች ዓመታት የቆዩት በየተራ የመጡ የማይተዋወቁ ሰዎች ያንን እምነት ሳያጎድሉ ስላስተላለፉ ነው። ለጦርነት የተመጠቁ ሳተላይቶች ያለ ካዝናና ያለ ዘበኛ የሚኖር ደብተር አስገኙ። በገንዘብ ቤት የምንውል ሰዎች እንዲህ ያለውን ደብተር ብንቀናበት የሚፈረድብን አይመስለኝም። በእኛ ቤት ስም የሚጻፈው ሀብትን ለመጠበቅ ነው፤ በዚያ ግን የሚጠበቅ ሌላ ሀብት የለም፤ ስሙ ራሱ ሀብት ነው። ግእዙ መዝገብ ሲል ይህንንም ያውቅ ኖሯል ያሰኛል።