አስመስሎ የተሠራ መኪና በካሊፎርኒያ የሚመዘገብበት ሥርዓት

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተመረተውን ሼልቢ ኮብራን የመሰሉ ዝነኛ መኪኖችን አስመስሎ በግል መገጣጠም የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለውን መኪና ከሌላ ግዛት ገዝቶ በካሊፎርኒያ ሰሌዳ ማውጣት ጥንቃቄን ይጠይቃል።

የካሊፎርኒያ የሞተር ተሽከርካሪዎች መምሪያ ፈቃድ ያለው አምራች ያልሠራውን መኪና «በልዩ ሁኔታ የተሠራ» በሚል ይመዘግበዋል። አመልካቹ የባለቤትነት ሰነድ፣ የሞተር፣ የሻንሲና የሌሎች ዋና ዋና ክፍሎች መግዣ ደረሰኝ እንዲሁም የተሽከርካሪ ደኅንነት ሥርዓቶች ምርመራ ማስረጃ እንዲያቀርብ ይጠየቃል። መኪናው መለያ ቁጥር ከሌለው የግዛቱ አውራ ጎዳና ፖሊስ መርምሮ ይሰጠዋል።

ዋናው ጉዳይ የጭስ ልቀት ነው። በግዛቱ ሕግ መሠረት በየዓመቱ የመጀመሪያዎቹ 500 አመልካቾች መኪናቸው አካሉ ወይም ሞተሩ በሚመስለው ሞዴል ዘመን እንዲመዘን ይፈቀድላቸዋል፤ ምንም የማይመስል ከሆነ እንደ 1960 ሞዴል ይቆጠራል። በ1975ና ከዚያ በፊት የተመረቱ የቤንዚን መኪኖች ከየጊዜው የጭስ ምርመራ ነፃ በመሆናቸው ዕድሉ ከፍተኛ ጥቅም አለው። ኮታው ካለቀ በኋላ የቀረበና ቀደም ሲል ያልተመዘገበ መኪና ግን በማመልከቻው ዓመት መለኪያ ይመዘናል፤ ይህም ለአሮጌ ሞተር የማይቻል ያህል ነው።

በመሆኑም ገዥው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት በሰነዱ የሠፈረውን የሞዴል ዓመት ማጣራት፣ ደረሰኞቹን ከሻጩ መረከብና የዓመቱ ኮታ አለማለቁን ማረጋገጥ ይኖርበታል።