የመንዝ ጓሳና የአባቶች ሕግ



ከአዲ አርቃይ ተነሥቶ ወደ ደባርቅ የሚጓዝ ሰው የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ ሲወጣ የስሜን ተራራዎች እንደ ግንብ ተገትረው ይታዩታል። ዋልያ በዓለም ላይ የሚገኘው በነዚሁ ገደሎች ብቻ ስለ ሆነ መንግሥት ስፍራውን በጥቅምት ወር 1962 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ አደረገው። በ1970 ዓ.ም. መጨረሻም በዓለም ቅርስ መዝገብ በመጀመሪያ ከተጻፉት ስፍራዎች አንዱ ሆነ። ይሁን እንጂ እርሻውና ግጦሹ እየሰፋ፣ አውሬውም እየተመናመነ ስለ ሄደ በ1989 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ጋር ተቈጠረ። ከዚያ መዝገብ የተፋቀው በ2009 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ከ400 የሚበልጡ የግጭ ቤተሰቦች ቀያቸውን ለቀው ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል።

እንግዲህ ተራራን ከነሣሩና ከነአውሬው ለመጠበቅ ነዋሪውን ማስነሣት የግድ ነውን? ለዚህ ጥያቄ ከታሪክ መልስ የሚገኝበት አገር መንዝ ነው።

በሰሜን ሸዋ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ አጠገብ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍ ብሎ የተዘረጋ ውርጫማ ምድር አለ። ስሙን ያገኘው በላዩ ከሚበቅለው ጓሳ ከሚባለው ሣር ነው። ይህ ሣር ለገበሬው የቤት ክዳን፣ ገመድና በድርቅ ዘመን የከብት መኖ ነው። ቁጥቋጦውም ለማገዶ ይሆናል። በስሜን የምናውቃቸው ቀይ ቀበሮና ጭላዳም በዚያ ይኖራሉ።

የአገሩ ትውፊት እንደሚያስረዳው አስቦና ጌራ የተባሉት አቅኚ አባቶች በ17ኛው መቶ ዓመት ምድሩን ሲካፈሉ ጓሳን ለጋራ ጥቅም ለይተው አስቀሩት። ከነርሱ የተወለዱትም በአጽመ ርስት ያዙት። አስተዳደሩ ቀሮ ይባል ነበር። ለአስቦ ወገን አንድ፣ ለጌራ ወገን አንድ፣ አባ ቀራ የሚባሉ ሁለት አለቆች ይሾሙ ነበር። አለቆቹም ሕዝቡን በየተራ ለጥበቃ ያሰማሩ ነበር። ተራውን የሚያጓድልና በተከለለው ምድር ከብት የሚያሰማራ ብርቱ ቅጣት ይጠብቀው ነበር።

የሥርዓቱ ጥበብ ከሁሉ ይልቅ የሚታየው በመዝጋትና በመክፈት ነው። ጓሳ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያህል ይዘጋል። በዚያን ጊዜ ማጭድም ከብትም አይገባበትም፤ ሣሩም ዘር አፍርቶ ይጠነክራል። ዘመኑ ሲከፋና ችግር ሲጠና አለቆቹ ይመክሩና የሚከፈትበት ቀን በቤተ ክርስቲያን ወይም በሌላ የሕዝብ መሰብሰቢያ ይነገራል። ባለ መብቱ ሁሉ በበጋው ገብቶ ሣሩን ያጭዳል፤ ከብቱንም ያሰማራል። የክረምቱ ዝናም ሲመጣ ግን ምድሩ እንደገና ይዘጋል። እንዲህ ሲሆን ጓሳ የሕዝቡ የክፉ ቀን ጎተራ ነበረ ማለት ነው።

በእርግጥ ሥርዓቱ እንከን አልነበረውም አይባልም። መብቱ የአስቦና የጌራ ተወላጆች ብቻ ስለ ነበረ ከነርሱ ዘር ያልተቈጠረ ጎረቤት ከበረከቱ ይጎድል ነበር። የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ አጽመ ርስትን ሲሽር ይህን ልዩነት አስወገደ። ነገር ግን ከርስቱ ጋር የጥበቃው ሥርዓትም ሕጋዊ መሠረቱን አጣ። ሁሉ ባለ መብት ሆነ፤ መዝጊያውን ቀን የሚቈርጥ አለቃ ግን ታጣ። ሣሩም ያለ ወቅቱ ይታጨድ ጀመር።

ሕዝቡ ግን የአባቶቹን ልማድ ፈጽሞ አልረሳውም። የገበሬ ማኅበራቱ ተወካዮች ተሰብስበው ኮሚቴ አቋቋሙ፤ ቈይቶም መተዳደሪያ ደንብ ተጻፈ። የክልሉ መንግሥትም ስፍራውን በማኅበረሰቡ የሚጠበቅ ምድር አድርጎ ዐወቀው። በፍራንክፈርት የእንስሳት ጥናት ማኅበር ርዳታም የእንግዳ ማረፊያ ተሠራ። ጎብኝ ሲመጣ አስጎብኚው፣ በቅሎ አከራዩና ምግብ አብሳዩ የአገሩ ልጆች ናቸው። ከዱሮ ጀምሮ በበግ ጠጕር ሥራው የታወቀው የመንዝ ሸማኔም ባናውን ይሸጥበታል። ቀበሮው በሕይወት መኖሩ ለገበሬው ትርፍ ሲሆን፣ አውሬውን የሚጠብቅ ዘበኛ ከሩቅ ማምጣት አያስፈልግም።

በመሥሪያ ቤት ተቀምጠን ደንብ የምናረቅ ሁላችን ከዚህ የምንማረው አለ። ስሜን ከመንዝ ይልቅ ሰፊና ገደላማ ስለ ሆነ የአንዱን ደንብ እንዳለ ገልብጦ ለሌላው መስጠት አይቻልም። ይሁን እንጂ በደባርቅም፣ በዳባትም፣ በአዲ አርቃይም ገበሬው ከብቱን የሚያሰማራበትንና ምድሩን የሚያሳርፍበትን ወራት ከማንም ይልቅ ያውቃል። ካርታው ከመነደፉ በፊት ምክሩን መጠየቅ፣ ከሚገኘውም ገቢ ድርሻውን መስጠት፣ በጥበቃውም ኀላፊነት መሾም ይገባል። ዐዋጅ በአንድ ቀን ይሻራል። ሕዝብ የራሱ ያደረገው ሕግ ግን መንግሥታት ሲለዋወጡም እንደገና እንደሚያቈጠቍጥ የጓሳ ሣር ምስክር ነው።