ኤምፒ3ዋ እና የእናቴ ድምፅ

ወገኖቼ፣ ካኩማ ያላችሁ፣ ናይሮቢና ካምፓላ ያላችሁ፣ ባሕር ተሻግራችሁ የምታነቡኝ ዘመዶቼም ሁሉ። ዛሬ የምጽፈው ስለ ፕሮሰስ አይደለም፤ ስለ ራሽን መቀነስም አይደለም። ጣት ስለምታክል አንዲት ዕቃ ነው። ይረዝማል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። መጨረሻ ላይ የምለምናችሁ ነገር አለኝ። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

ባለፈው ሳምንት ቤት ስቀይር ከድሮ ወረቀቶቼ መሐል በፌስታል የተጠቀለለች ኤምፒ3 አገኘሁ። በእኛ ጊዜ የነበራችሁ ታውቋታላችሁ። ስም የሌላት የቻይና ዕቃ፤ 512 ሜጋባይት የምትይዝ፤ ክዳኗ ሲነቀል ኮምፒውተር ላይ የምትሰካ፤ አንድ ቀጭን የባትሪ ድንጋይ የምትበላ። 2006 ላይ መርካቶ ነው የገዛኋት። አሁን አትሠራም። ድንጋዩ ፈስሶ ውስጧን በልቶታል። ግን አልጣልኳትም። ለምን እንዳልጣልኳት ለመናገር ከሥሩ መጀመር አለብኝ።

ከሷ በፊት ካሴት ነበር፤ ከካሴት በፊት ደግሞ ሸክላ። በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት ለአገር ፍቅር ቴአትር ብቻ የተሰጠ ነበር። 1969 ላይ አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት ክልከላውን ጥሶ አምሃ ሪከርድስን አቋቋመ፤ አለማየሁ እሸቴንና ማሕሙድ አሕመድን የመሰሉ ድምፃውያንን አሳተመ። ደርግ ከገባ በኋላ፣ 1975 ላይ፣ እሱም እንደ እኛ አገሩን ለቅቆ አሜሪካ ገባ። የሙዚቃችንን ታሪክ የሚያነብ ሰው ስደትን በየገጹ ያገኛል።

ካሴትን ፊሊፕስ የተባለው ኩባንያ ለዓለም ያሳየው 1963 በርሊን ላይ ነው። እኛ ጋ የነገሠው በደርግ ጊዜ ነው። ርካሽ ነው፣ አይሰበርም፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ይገለበጣል። ሰዓት እላፊ በነበረባቸው ዓመታት ሰው በጊዜ ቤቱ ገብቶ በሩን ዘግቶ የሚያዳምጠው ካሴት ነበር። ክሩ ሲላላ በእስክሪብቶ ማጠንጠን ያላደገበት የእኔ ዕድሜ ሰው የለም። ካሴት ደብዳቤም ነበር። ጎረቤታችን ልጇ ዓረብ አገር ነበረች። ማንበብና መጻፍ ስለማትችል ባዶ ካሴት ታስገዛና ሰፈሩን ሰብስባ ታስቀዳ ነበር። እያንዳንዳችን ተራ ገብተን "እንደምን ነሽ፣ እኛ ደህና ነን" እንላለን። በመጨረሻ እሷ ትናገራለች፤ ከዚያ ታለቅሳለች፤ ከዚያ ቴፑ ይጠፋል።

ሙዚቃን ከቤት አውጥቶ ሰው ጆሮ ላይ የሰቀለው የሶኒ ዎክማን ነው፤ 1979። ያኔም ግን ኪስ ውስጥ የሚገባው አንድ ካሴት ብቻ ነበር። ሌላውን ለመስማት ሌላ ካሴት መያዝ የግድ ነው።

ይህን የቀየሩት ጀርመን አገር ኤርላንገን ከተማ፣ ፍራውንሆፈር በተባለው የምርምር ተቋም የሚሠሩ መሐንዲሶች ናቸው። ስሙ በብዛት የሚነሳው ካርልሃይንዝ ብራንደንቡርግ ነው። ሐሳባቸው ሲነገር ቀላል ይመስላል። ከበሮ ሲመታ አጠገቡ ያለው ሹክሹክታ አይሰማም። ጆሮ የማይሰማውን ለምን እናስቀምጣለን? አውጥተን እንጣለው። ሲዲ ላይ አንድ ሰከንድ ሙዚቃ 1,411 ኪሎቢት ይፈጃል፤ እነሱ በ128 ኪሎቢት አሳደሩት። አንድ ደቂቃ ዘፈን አንድ ሜጋባይት ገደማ ሆነ። በሐምሌ 1995 የፋይሉን ስም መጨረሻ "ኤምፒ3" ለማድረግ ወሰኑ። ስሟ የመጣው ከዚያ ነው።

1998 ላይ ሳኤሃን የሚባል የደቡብ ኮሪያ ኩባንያ ኤምፒማን የተባለችውን የመጀመሪያ የኪስ ማጫወቻ ሸጠ። የምትይዘው 32 ሜጋባይት፣ ማለት የግማሽ ሰዓት ዘፈን ነበር። በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ ሪዮ የምትባል ሌላ ወጣች። የዘፈን አሳታሚዎቹ ማኅበር ትታገድልን ብሎ ፍርድ ቤት ሄደ። 1999 ላይ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለሪዮ ፈረደ፤ ሰው የራሱን ሙዚቃ ከኮምፒውተሩ ወደ ኪሱ ማዞሩ ጥፋት አይደለም አለ። ያ ባይሆን ምናልባት የእኔዋም አትወለድም ነበር። 2001 ላይ አፕል አይፖድን አወጣ፤ 5 ጊጋባይት፣ 399 ዶላር።

399 ዶላር ለእኛ ምን እንደሆነ አልነግራችሁም። እኛ ጋ የደረሱት በደቡብ ቻይና፣ በሼንዘንና አካባቢዋ የተገጣጠሙት ናቸው። አንድ ዓይነት ዕቃ በመቶ ስም ይሸጥ ነበር። ውሸትም ነበረው፤ ጓደኛዬ "4 ጊጋ" የተጻፈባትን ገዝቶ ከተወሰነ ዘፈን በኋላ ሁሉም መንተባተብ ጀመረ። ለካ ዕቃዋ ራሷን ከአቅሟ በላይ እንድታሳይ ተደርጋ ነው። ያም ሆኖ የድሃ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ መቶ ዘፈን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

የእኔዋ አንድ ተጨማሪ ነገር ነበራት፤ ድምፅ ትቀዳለች። በገዛኋት ቀን ማታ ቤት ስገባ እናቴ ከሰል እያራገበች ነበር። ለሙከራ አጠገቧ አስቀመጥኳት። ከዚያ አገር ለቅቄ ልወጣ በተነሳሁበት ሌሊት ደግሞ ስትመርቀኝ ኪሴ ውስጥ ከፍቻት ነበር፤ 11 ደቂቃ። እናቴ አታውቅም።

2007 ነው የወጣሁት፣ በሞያሌ በኩል። አንድ ኬላ ላይ ስልኬንና ብሬን ወሰዱ። ኤምፒ3ዋን ገለባብጠው አዩና መለሱልኝ፤ አትረባም ማለታቸው ነው። ካኩማ የገባሁት በአንድ ቅያሪ ልብስና በሷ ነው።

ካኩማን የማታውቁ ዘመዶቼ ይህን ያዙልኝ። ካምፑ የተከፈተው 1992 ነው። መጀመሪያ የሰፈሩት የደቡብ ሱዳን ልጆች ናቸው፤ ብዙዎቹ ከዚያ በፊት በእኛው አገር፣ ጋምቤላ ውስጥ፣ ኢታንግና ፒኙዶ ካምፖች የነበሩ። 1991 ላይ መንግሥት ሲለወጥ በእግራቸው ሸሹ። ስለዚህ እኔ ስደርስ ከመካከላቸው አማርኛ የሚችል አላጣሁም። ትምህርት ቤት አብሮኝ በኢንሴንቲቭ ያስተምር የነበረ አንድ ሰው ኢታንግ ነው ያደገው። ማታ ማታ የጆሮ ማዳመጫውን ለሁለት እንካፈላለን፤ አንዱን እሱ፣ አንዱን እኔ። የልጅነቱን ካሴቶች ዘፈን ሲሰማ አብሮ ያንጎራጉራል። እኔን ካባረረኝ አገር እሱም ተባሯል፤ ሁለታችንም ግን ዘፈኑን ይዘን ወጥተናል።

መብራት አልነበረም። ጄኔሬተር ያላቸው ነጋዴዎች ስልክ በገንዘብ ይሞላሉ። የእኔዋ ያንን አትፈልግም፤ የባትሪ ድንጋይ ከሱቅ ትገዛለህ፣ ሲደክም ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለህ፣ በጥርስህ ነክሰህ ትመልሰዋለህ፣ ሁለት ዘፈን ይጨምርልሃል። ሲም ካርድ አትጠይቅም። ኔትወርክ አትጠይቅም። ካምፕ ውስጥ ለውኃም ለበቆሎም ለሕክምናም ቁጥር ነው የምንጠየቀው፤ ካርድ እናሳያለን፣ አሻራ እንሰጣለን። እሷ ብቻ ማን ነህ ብላ አታውቅም። ስከፍታት ትከፈታለች። አሁን ሳስበው የወደድኳት ለዚህ ይመስለኛል።

ዘፈን የሚጭንልን ኮምፒውተር ያለው የአገራችን ልጅ ነበር። በጥቂት ሽልንግ ሙሉ አልበም። እዚህ ላይ እውነቱን መናገር አለብኝ። እያንዳንዱ የጫንነው ዘፈን ባለቤት ነበረው፤ አንዱም ሳንቲም አላገኘበትም። ኢትዮጵያ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410ን ያወጣችው 2004 ላይ ነው። አዋጁ ካኩማ አልደረሰም፤ እኛም አልጠየቅነውም። ስደተኛ መሆናችን ምክንያት እንጂ ፈቃድ አይሆንም። ዛሬ አቅም ያላችሁ የዘፋኞቹን ሥራ ግዙ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። 2009 ላይ አዲስ አልበም መጣ ተባለ። ሄድኩ። ልጁ "ሞልታለች፣ የሚጠፋ ምረጥ" አለኝ። ዝርዝሩን አየሁ። ዘፈኖቹን አንዱንም ማጥፋት አልፈለግኩም። ረጅሙ ፋይል የእናቴ ምርቃት ነበር። በደንብ አይሰማም፣ ኪስ ውስጥ ነው የተቀዳው፣ ደግሞ እናቴ አለች፣ እደውልላታለሁ ብዬ አሰብኩ። "ይሄን አጥፋው" አልኩት። እኔ ነኝ ያልኩት፤ ማንም አላስገደደኝም።

እናቴ 2011 አረፈች። መርዶውን በስልክ ነው የሰማሁት። ልቅሶ የደረሱኝ እነዚያው የካምፕ ሰዎች ናቸው። ሁሉም ሲሄድ ኤምፒ3ዋን አወጣሁ። ካስቀመጥኳት ቆይታ ስለነበር ድንጋዩ ፈስሶ አገኘሁት። አልከፈት አለች። ኮምፒውተር ላይ ስሰካት ግን ፋይሎቹ ይታያሉ፤ የሙከራዋ ቅጂም አለች። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነካሁት፤ ኮምፒውተሩ አላውቀውም አለኝ። ለካ እነዚያ ርካሽ ዕቃዎች ድምፅ የሚቀዱት በኤምፒ3 አይደለም፤ "ኤሲቲ" በሚባል በራሳቸው ዓይነት ነው። እሱን የሚለውጠው ፕሮግራም አብሯት በመጣው ትንሽ ሲዲ ላይ ነበር። ያንን ሲዲ መርካቶ ካርቶኑ ውስጥ ትቼዋለሁ።

ሁለት ዓመት የእናቴን ድምፅ በኪሴ ይዤ መስማት አልቻልኩም። 2013 ናይሮቢ ስገባ ኢስሊ ውስጥ ስልክ የሚጠግን አንድ ሶማሌ ልጅ ፕሮግራሙን አገኘልኝ። ገንዘብ አልተቀበለኝም። አርባ ሰከንድ ነው። የከሰሉ መንጣጣት፣ የማራገቢያው ድምፅ፣ ከዚያ እሷ፦ "ይሄ ደግሞ ምንድነው? ኧረ አጥፋው ልጄ፣ የእኔ ድምፅ ምን ያደርግልሃል!" ይኸው ነው። ምርቃቱ የለም።

ያ የኢስሊ ልጅ ቤተሰቦቹ የሐርጌሳ ሰዎች ናቸው። ስለ አገሩ ያወራኝን በኋላ አንብቤ አረጋገጥኩ። 1988 ላይ የሲያድ ባሬ አውሮፕላኖች ሐርጌሳን ሲደበድቡ፣ ሰዎች የሬዲዮውን የሙዚቃ ካሴቶች አስቀድመው አሽሽተውና መሬት ቀብረው አትርፈዋል። ዛሬ ሐርጌሳ ባለው የባህል ማዕከል ከ10,000 በላይ ካሴቶች ተጠብቀው አሉ። ቦምብ እየመጣባቸው ዘፈን የቀበሩ ሰዎች አሉ። እኔ ማንም ሳይነካኝ ምርቃት ሰረዝኩ።

አፕል አይፖድን ማምረት ያቆመው በግንቦት 2022 ነው። የእኛዎቹ ስም ስላልነበራቸው መቼ እንደቀሩ ማንም አላወጀም። ስልኩ ዋጣቸው። ዛሬ ከእናቶቻችን ጋር በቪዲዮ እናወራለን፤ እንዘጋዋለን፤ ምንም አይቀርም። የድምፅ መልእክቶቻችን ያሉት በስልክ ቁጥር በተከፈተ አካውንት ውስጥ ነው። ስደተኛ ደግሞ ቁጥር ይቀያይራል፣ ስልኩ ይሰረቃል፣ ሲሙ ይዘጋል።

ልመናዬ ይህ ነው። በዚህ ሳምንት አንድ ሰው ቅዱ። እናታችሁን፣ አያታችሁን፣ አብሯችሁ ድንበር የተሻገረውን ሽማግሌ። ፈቃዳቸውን ጠይቁ፤ "ድምፄ አያምርም" ቢሉም ለምኗቸው። ፋይሉን በኤምፒ3 አስቀምጡት፤ ባለቤቶቹ 2017 ላይ የፈቃድ ክፍያውን ስላቆሙ የማንም ንብረት አይደለም፣ የትም ይከፈታል። በሁለት ቦታ ይቀመጥ፤ አንዱ ከስልካችሁ ውጭ፣ ፍላሽ ወይም ሚሞሪ ካርድ ላይ፣ ሌላው ሌላ አገር ያለ ዘመድ ጋ። ስማቸውንና ቀኑን ጻፉበት። ቦታ ሲሞላ ደግሞ ዘፈኑን አጥፉ። ዘፈን ተመልሶ ይገኛል።

አሮጌ ኤምፒ3 ወይም የማይከፈት የድምፅ ፋይል ያላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ያ ፕሮግራም አሁንም አለኝ፣ በነፃ እለውጥላችኋለሁ። ዘመዶቻችሁ ጋ እንዲደርስ ሼር አድርጉት።

ሰላም ሁኑልኝ።