ፋሻው በሚፈታበት ቀን፦ ከዓይን ሞራ ሕክምና ታሪክ

በ1750 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በመጋቢት ወር መጨረሻ፣ ዕድሜው ወደ 65 የተጠጋው የሙዚቃ ሊቅ ዮሐን ሰባስትያን ባኽ በጀርመን አገር በላይፕሲሽ ከተማ ዓይኑን ለአንድ እንግዳ ሐኪም አሳልፎ ሰጠ። ሐኪሙ ከ1736 ጀምሮ የእንግሊዙ ንጉሥ የጆርጅ 2ኛ የዓይን ሐኪም የሚል ማዕረግ የነበረው ጆን ቴይለር ነው። ቴይለር ከከተማ ወደ ከተማ የሚዘዋወረው የዓይን ሥዕል ባጌጠው ሠረገላ ሲሆን፣ መርፌውን ከማንሣቱ በፊት በተሰበሰበው ሕዝብ ፊት ረዥም ንግግር የማድረግ ልማድ ነበረው።

የዚያ ዘመን ቀዶ ሕክምና ሞራውን ማውጣት ሳይሆን ወደ ታች መግፋት ነበር። በጥንታዊው የሕንድ የሱሽሩታ መጽሐፍ ጭምር የተገለጸ አሠራር ነው። ታካሚው ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ረዳት ከኋላው ሆኖ ራሱን አጥብቆ ይይዛል፤ ማደንዘዣ የለም። ሐኪሙ በነጩ የዓይን ክፍል በኩል መርፌ አስገብቶ የደፈረሰውን ሌንስ ከብሌኑ ትይዩ በማንሣት በዓይን ውስጥ ወዳለው ዝልግልግ ፈሳሽ ያሰጥመዋል። ብርሃን ወዲያው ይገባል፤ ታካሚው የሐኪሙን ጣቶች ሊቆጥር ይችላል። መዘዙ የሚመጣው ዘግይቶ ነው፤ ዓይኑ ይቆጣል፣ ይመግላል፣ ወይም የውስጥ ግፊቱ ጨምሮ ብርሃኑ ለዘለቄታው ይጠፋል።

ቴይለር ታካሚዎቹን ፋሻውን ለቀናት እንዳይፈቱ ያዝዝ ነበር። ትእዛዙ ሕክምናዊ ምክንያት አያጣም፤ ነገር ግን ፋሻው በሚፈታበት ቀን ሠረገላው ከከተማው ርቆ ሄዷል።

የባኽ ታሪክ ይህንኑ ያሳያል። ሚያዝያ 1 ቀን አንድ የበርሊን ጋዜጣ ቀዶ ሕክምናው እንደተሳካና ሊቁ የዓይኑን ብርሃን መልሶ እንዳገኘ ለአንባቢዎቹ አበሠረ። ጥቂት ቀናት ሳይቆዩ ግን ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና አስፈለገ። ከዚያ በኋላ ባኽ በሕመም ተዳከመ፤ ሐምሌ 28 ቀንም አረፈ። በ1754 በታተመው የሕይወት ታሪኩ ላይ፣ ከጸሐፊዎቹ አንዱ የነበረው ልጁ፣ ቀዶ ሕክምናው ከዓይኑ አልፎ መላ ጤንነቱን እንዳናጋ ገለጸ። ቴይለር በበኩሉ በ1761 ባሳተመው የራሱ ታሪክ ውስጥ በላይፕሲሽ የ88 ዓመት የሙዚቃ ሊቅ በእጁ ብርሃን እንዳገኘ ጻፈ። የታካሚውን ዕድሜ እንኳ ከ20 ዓመት በላይ ከፍ አድርጎ የሳተ ሐኪም ውጤቱን ተከታትሏል ብሎ ማመን ያስቸግራል። በ1758 ደግሞ ይኸው ሰው የሌላውን ሊቅ የሄንደልን ዓይን አከመ፤ ሄንደልም በማግሥቱ ዓመት እንደታወረ ሞተ።

ቴይለርን መሃይም አጭበርባሪ ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ፍርዱ ግን ሙሉ አይሆንም። በለንደን የቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል በታዋቂው ቀዳጅ ሐኪም በዊልያም ቼዝልደን ሥር የተማረ፣ ስለ ዓይን በርካታ መጻሕፍት የጻፈ ሰው ነበር። የጎደለው ዕውቀት ብቻ አልነበረም፤ ውጤቱን ቆሞ የማየት ግዴታም አልነበረበትም።

በዚያው ዘመን ፈረንሳዊው ዣክ ዳቪዬል ሌላ መንገድ ያዘ። በ1747 ሞራውን በመርፌ ለማውረድ ሞክሮ ባይሳካለት ኮርኒያውን ቀዶ ሌንሱን ወደ ውጭ አወጣው። ዘዴውንም ለፓሪሱ የቀዶ ሐኪሞች አካዳሚ በ1752 ሲያቀርብ የተሳካለትን ብቻ ሳይሆን ያልተሳካለትንም ቆጥሮ ነበር። ቴይለር በተማረበት ሆስፒታል በ1949 ሰው ሠራሽ ሌንስ በዓይን ውስጥ የመትከል ሥራ የጀመረው ሃሮልድ ሪድሊም ግኝቱን በኦክስፎርድ ጉባኤ በይፋ ያቀረበው በ1951 ነው። ከባልደረቦቹ ብርቱ ተቃውሞ ገጠመው፤ ሌንሱ በሁሉም ዘንድ እስኪለመድ ድረስ አሥርተ ዓመታት አለፉ።

በአገራችን በ2005 እና በ2006 በተደረገው ብሔራዊ ጥናት መሠረት ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ መንሥኤው የዓይን ሞራ ነው። ሐኪም በማይገኝባቸው ወረዳዎች ቀዶ ሕክምናው ብዙ ጊዜ በዘመቻ ይሰጣል። የዛሬው ዘመቻ ከቴይለር ሠረገላ ጋር በሙያም በዓላማም አይነጻጸርም። ሆኖም ቡድኑ ተመልሶ ሲሄድ ታካሚው ከቤቱ ቀርቶ፣ የሚያገኘው የጤና ባለሙያ በቅርቡ ጤና ጣቢያ ያለው ነርስ ወይም የጤና መኮንን ይሆናል። በቀዶ ሕክምናው ማግሥት በጎ ያየ ሰው በሦስተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ዓይኑን ቢያመው፣ ቢቀላበትና እይታው ቢደበዝዝ በዓይን ውስጥ የገባ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል፣ ጠብታ ተሰጥቶት ወደ ቤቱ የሚመለስ ሳይሆን በዚያው ቀን ወደ ዓይን ሐኪም የሚላክ ነው።