ማርሽና ዳገት

ከእንጅባራ ወደ ቲሊሊ በሚወስደው አስፋልት ትንሽ እንደተጓዙ ዘንገና ሐይቅ ይገኛል፤ የጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ነው። ዙሪያው ተዳፋት ነው። በእኛ በአዊ ገብሱም ድንቹም የሚታረሰው በበሬ ነው፤ በፈረስም ይታረሳል፤ ይህን የሌላ አገር ሰው ሲያይ ይገርመዋል። እኔ እዚህ ተወልጄ በአየሁ እርሻ ልማት ትራክተር የነዳሁ ነኝ። የትራክተር ታሪክ ሲነሳ ሁሉም ስለ ሄክታርና ስለ ፈረስ ጉልበት ያወራል። ስለ ማርሽ የሚያነሳ ግን የለም፤ ሥራው ያለው እዚያ ላይ ሆኖ ሳለ።

ትራክተር ወደ አገራችን በብዛት መግባት የጀመረው በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው። ለእርሻ መሣሪያና ለነዳጁ ቀረጥ ተነስቶ ስለነበር ሰቲት ሁመራ ላይ ሰሊጥ፣ ጭላሎ ላይ ስንዴ በመኪና ይታረስ ጀመር። ጭላሎ ውስጥ በስዊድን እርዳታ የቆመው የእርሻ ልማት ድርጅት ካዱ የተነሳው ለትንሹ ገበሬ ነበር። ባለርስቱ ግን ትራክተር ሲያገኝ ጭሰኛውን አስነሳ።

ከዚያ ዘመን ትራክተሮች አንዱ ማሴ ፈርጉሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው 135 ሁለት እጀታ አለው፦ አንዱ 3 የፊትና 1 የኋላ ማርሽ ይመርጣል፣ ሌላው ከባድና ቀላሉን ይለያል፤ ሲባዛ 6 ወደፊት፣ 2 ወደኋላ ይሆናል። መልቲ ፓወር የተገጠመለት ደግሞ ፍሪሲዮን ሳይረገጥ፣ እየሄደ ፍጥነት ስለሚቀይር ወደፊቱ 12 ይደርሳል። ለሜዳ ግሩም ነገር ነው። ለዳገተኛ አገር ግን መዘዝ አለበት፤ መልቲ ፓወሩ ዝቅተኛው ላይ ሲሆን ሞተሩ ጎማውን ይገፋል እንጂ አይዝም። ቁልቁለት ላይ ትራክተሩ ልክ እንደ ዜሮ ማርሽ ይለቀቃል፣ ከኋላው ጭነት ካለማ አያድርስ። ይህን ሳያውቅ «ዝቅ አድርጌዋለሁ» ብሎ ልቡን የሚጥል ሹፌር ፍሬኑን ብቻ ተማምኖ ነው የሚወርደው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ትልልቆቹ እርሻዎች የመንግሥት ሆኑ፤ ትራክተሩም ከምሥራቁ ጎራ አገሮች ይመጣ ጀመር። በ1970ዎቹ ናዝሬት ላይ በሶቪየት እርዳታ መገጣጠሚያ ፋብሪካ ቆመ፣ ቤላሩስ የተባለው ትራክተርም የአገር ልጅ ሆነ። እጁ ማሴ የለመደ ሰው ቤላሩስ ላይ ሲወጣ እንደገና ተማሪ ነው። 80 የሚባለው ሞዴል 9 የፊት ማርሽ አለው፤ ፍጥነት ቀናሹ ሲጨመር 18። እጀታው መጀመሪያ ከሁለቱ ምድብ ወደ አንዱ ይገባል፣ ወደ ዜሮ ይመለሳል፣ ማርሹ የሚገባው ከዚያ ወዲያ ነው። ቁጥሮቹም በተራ አልተደረደሩም፦ 2ኛው የተመደበው ከ6ኛ፣ ከ7ኛና ከ8ኛ ጋር ነው። የቸኮለ ሰው ጥርስ ያፋጫል፤ ድምፁ ማሳው ማዶ ድረስ ይሰማል፣ ጓደኛም አይምርም።

መኪና የለመደ ሰው ትራክተርንም እየሄደ ማርሽ ሊቀይርለት ይሞክራል። መልቲ ፓወር ከሌለው አይሆንም። ማረሻው አፈር ውስጥ ሳለ ፍሪሲዮን ከተረገጠ መሬቱ ራሱ ይይዘውና ወዲያው ቀጥ ይላል። ስለዚህ ማርሽ የሚመረጠው ከመነሳት በፊት፣ አፈሩን አይቶ፣ ጥልቀቱን አስቦ ነው። እንደ እኛ ያለ ቀይ አፈር ዝናብ ሲጠግብ ሌላ፣ ሲደርቅ ሌላ ማርሽ ይጠይቃል። ቁልቁለትም እንዲሁ፤ አፋፉ ላይ ቆሞ ከባዱን ማስገባት እንጂ መሐል ላይ መፈለግ የለም። ከእንጅባራ በቻግኒ አድርጎ ወደ ፓዌ የሚወርደው መንገድ ለዚህ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። በጣሊያን እርዳታ በተቋቋመው የጣና በለስ ፕሮጀክት ጊዜ እዚያ የሰፋሪው መሬት በትራክተር ይታረስ ነበር፤ ቆላው ሜዳ ነው፣ መንገዱ ግን ሜዳ አይደለም።

በየዘመኑ የተለወጠው መንግሥትና የትራክተሩ ቀለም ብቻ አይደለም፤ የሹፌሩ እጅም አብሮ ተጣለ። አንዱን እጀታ አውቆ ሲጨርስ ሌላ ይመጣል። መሪ መያዝ በሳምንት ይለመዳል፣ ማርሽ ግን አፈር ሳያውቁ አይለመድም።

ዛሬ የስንዴ ኩታገጠም ስላለ የኪራይ ትራክተር እኛም ዘንድ ይደርሳል። ሒሳቡ በሄክታር ነው። በሄክታር የሚከፈለው ሹፌር ቶሎ ለመጨረስ ከፍ ያለ ማርሽ ይዞ ይበራል፤ ዲስኩ አፈሩን ይልጠዋል እንጂ አይገለብጠውም። በሰዓት ቢሆን ደግሞ ይጎተት ነበር፣ ሰው ነውና። ጎረቤቴ የሆኑ አንድ አዛውንት መላ አላቸው፦ ብሩን ሳያወጡ እንጨት ይዘው ይገቡና ትልሙ ውስጥ ይሰካሉ፣ ያልጠለቀበትን ቦታ በእንጨቱ ያሳያሉ። «ልጄ፣ ማርሽህን ቀንስና ይህችን ድገማት፤ ሒሳቡን ከዚያ እንነጋገራለን» ይሉታል።