ኦኔሲሞስ ነሲብና የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት

ሰኔ 14 ቀን 1923 ዓ.ም. ኦኔሲሞስ ነሲብ በነቀምቴ ዐረፉ። ከዚያ ሃያ አምስት ቀን በኋላ፥ ሐምሌ 9 ቀን፥ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በአዲስ አበባ የኢትዮጵያን የመጀመሪያ የተጻፈ ሕገ መንግሥት ፈረሙ። ሁለቱ ነገሮች የማይገናኙ ይመስላሉ፤ ነገር ግን የኦኔሲሞስን ሕይወት ያወቀ ሰው ሕገ መንግሥቱን ሲያነብ በውስጡ የታለፈውን ነገር ያስተውላል።

ኦኔሲሞስ በኢሉባቦር በሁሩሙ ተወልደው፥ ገና ሕፃን ሳሉ በባሪያ ፈንጋዮች ተነጠቁ፤ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጡ ምጽዋ ደረሱ። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1870 በዚያ ነፃ ወጡ፤ በእምኩሉም በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሩ። በጥምቀት የተቀበሉት ስም፥ ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው መልእክት የለመነለት ባሪያ ስም ነው። እንደ እርሳቸው ከባርነት ነፃ ከወጣችው ከአስቴር ገኖ ጋር ደክመው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መለሱ፤ ይህም በ1899 በስዊስ አገር ታተመ። በ1896 ዓ.ም. ነቀምቴ ሲገቡ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ሞረዳ (ኩምሳ) ተቀበሏቸው፤ እርሳቸውም ማስተማር ጀመሩ። ይህ አገር ቀድሞ የባሪያ ነጋድያን መተላለፊያ ነበር፤ በቢሎና በአሰንዳቦ ገበያ የተሸጡት ሰዎች ዐባይን ተሻግረው ወደ ጎጃም ይነዱ ነበር።

ኢትዮጵያ መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. ወደ መንግሥታት ማኅበር ስትገባ ባርነትን ለማጥፋት ቃል ሰጠች። መጋቢት 22 ቀን በዚያው ዓመት የወጣው ዐዋጅ ግን ባሮችን በአንድ ቀን ነፃ አላወጣም፤ ጌታው ከሞተ በኋላ እንኳ ወራሾቹ እስከ ሰባት ዓመት ሊያቈዩአቸው ይችሉ ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ የመኳንንቱ ማጀትና እርሻ በባሪያ ጕልበት የቆመ ስለ ነበረ፥ መንግሥቱ በአንድ ጊዜ ሁሉን ቢያስለቅቅ መኳንንቱ እንዳይሸፍቱ ይፈራ ነበር። በ1923 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ዘመኑን አሳጠረው እንጂ ነገሩን አልጨረሰውም።

ሕገ መንግሥቱን የጃፓንን ሕግ አብነት አድርገው ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። በምክሩ ጊዜ ከታላላቆቹ መሳፍንት አንዳንዶቹ የርስታቸውና የሹመታቸው መብት ለዘራቸው እንዲጸና በሕጉ ይጻፍልን አሉ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ግን ሥልጣንን ሁሉ ወደ ማዕከል መሰብሰብ ፈለጉ። መሳፍንቱ የለመኑት አልተጻፈላቸውም፤ በምትኩ በሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ወንበር አገኙ። የሕግ መምሪያ ምክር ቤት እንደራሴዎችንም ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪችል ድረስ መኳንንቱና ሹማምንቱ እንዲመርጡ ተወሰነ። በሃምሳ አምስቱ አንቀጾች ውስጥ ግን ስለ ባርነት አንድ ቃል አልተነገረም። እንግዲህ ስለ ገባሩና ስለ ባሪያው የሚናገረውን እንደራሴ የሚመርጠው ባለ ባሪያው ጌታ ሆነ፤ የውክልናውና የባርነቱ ጥያቄ በአንድ ገመድ ታሰረ።

እንዲህ ያለ ስምምነት በሌላም አገር ተደርጓል። በ1787 የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ሲጻፍ፥ ለእንደራሴ ቍጥር አምስት ባሮች እንደ ሦስት ሰዎች ይቈጠሩ ተባለ፤ ባሮቹ ግን ድምፅ አልነበራቸውም፤ ባሪያ የሚለውም ቃል በጽሑፉ አልገባም። የተላለፈውን ዕዳ የልጅ ልጆቻቸው በእርስ በርስ ጦርነት ከፈሉ። ለኢትዮጵያም መዘግየቱ ዋጋ ነበረው፤ ኢጣልያ በ1927 ዓ.ም. ማብቂያ በጄኔቭ ፊት ስትከሳት ባርነትን ዋና ምክንያት አደረገች፤ ክሱ የወረራ መሸፈኛ ቢሆንም መነሻ የሚሆን ነገር አግኝቶ ነበር። ባርነት ፈጽሞ በሕግ የቀረው ከነፃነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. ነው። ሕዝቡም እንደራሴዎቹን ራሱ የመረጠው በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት መሠረት ነበር።

ሕጉ ሕዝቡ እስኪችል ይቈይ ሲል፥ የሚያስችለው ማን እንደ ሆነ አልተናገረም። በነቀምቴ ግን አንድ ቀድሞ የተሸጠ ሰው ይህን ሥራ ከሃያ ዓመት በላይ ሠርቶ ነበር፤ የገበሬውን ልጅ ፊደል አስቈጥሮ በገዛ ቋንቋው የሚያነበውን መጽሐፍ በእጁ አስይዞታል። ሕግ አውጪዎች ለሌላው ሰው ትዕግሥትን ሲያዙ፥ የሚታገሠው ማን እንደ ሆነና በምክሩ መካከል ተቀምጦ እንደ ሆነ አስቀድመው ሊጠይቁ ይገባል።