የመስሚያ ባትሪ ያዳነው ካሜራ

ከአባት የተወረሰ ኦሊምፐስ ኦኤም-1 ዛሬም ፎቶ ያነሳል። መዝጊያው መካኒካል ስለሆነ ባትሪ አይፈልግም። ያስቸገረው የብርሃን መለኪያው ነው፤ የለመደውን ድንጋይ የሚሸጥ የለም።

ያ ድንጋይ የሜርኩሪ ነበር። አሜሪካዊው ሳሙኤል ሩበን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለጦሩ የሠራው ነው፤ ከዚያ ወደ መስሚያ መሣሪያና ወደ ካሜራ ገባ። ደግነቱ 1.35 ቮልቱ እስኪያልቅ ድረስ ንቅንቅ አለማለቱ ነው። ብዙ ካሜራ ሠሪዎችም ይህን አምነው ኃይሉን የሚያስተካክል ነገር ሳይጨምሩ ቀሩ። (ፔንታክስ ስፖትማቲክ ብልጥ ነበር፤ ለቮልት ልዩነት ብዙም ግድ የለውም።)

ሜርኩሪ ግን መርዝ ነው። የጃፓኗ ሚናማታ ነዋሪዎች ፋብሪካ ባሕር ውስጥ የለቀቀውን ከዓሣ ጋር በልተው አልቀዋል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1996 የእነዚህን ድንጋዮች ሽያጭ በሕግ ከለከለች። ተገቢ ነበር።

በቦታው 1.5 ቮልት አልካላይን ሲገባ መለኪያው ከእውነቱ የበለጠ ብርሃን ያለ ይመስለዋል፤ ፎቶው ይጨልማል። በጨለመ ፊልም ላይ ደግሞ ቀድሞ የሚጠፋው የእኛ ጠይም ፊት ነው። የሰርግ ፎቶ ላይ ነጭ ቀሚስ ብቻ ቆሞ ይቀራል።

መላው የተገኘው ከፋርማሲ ነው፦ ቁጥር 675 የመስሚያ ባትሪ። በአየር ይሠራል፣ ወደ 1.4 ቮልት ይሰጣል፣ ቶሎ አይዋዥቅም። ስለሚጠብ ዙሪያውን የጎማ ቀለበት ይደረግለታል። ልጣፉ ከተነሳ በሳምንታት ውስጥ ይደርቃልና፣ የሚላጠው የሰርጉ ዕለት ጠዋት ነው፤ ካለቀም መስሚያ ከሚያደርጉ አያት አንድ መለመን ይቻላል።